ራሱን እያመመው ለሚሠራ ሰው

በየቡ እና በአካባቢዋ የምትኖሩ፣ በቡና ማጠቢያና በመጋዘን የምትሠሩ፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች በለቀማ ወቅት ጊዜ ሰውታችሁ መጥታችኋል። እሸቱ በዛፉ ላይ ቀልቶ እያለ አዳራሽ ገብቶ መቀመጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለቡና ሰው አይነገርም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ጉዳዬ ራስ ምታት ነው። ራስ ምታት ብዙ ጊዜ ሰው አይገድልም፤ አያቆስልም፤ በዓይንም አይታይም። "ራሴን አመመኝ" ያለ ሠራተኛ ከባልደረቦቹ የሚሰማው መልስ "ቡና ጠጣበት" ወይም "ይተውሃል" የሚል ነው። ሕመሙ ሲደጋገም ደግሞ ሐሜት ይከተላል፤ ሰነፍ ናት፣ ሥራ ስትጠላ ራሷን ያማታል ይባላል። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም፤ ዛሬ ልሞግተው መጥቻለሁ። ተመላልሶ የሚይዝ ራስ ምታት ስም ያለው በሽታ ነው። ከሠራተኛ ሰው ጉልበትና ገቢ ላይ በየወሩ የሚወስደው ብዙ ነው። አብዛኛውንም እዚሁ ጤና ጣቢያ ውስጥ በሚገኝ፣ ዋጋው በማይከብድ መድኃኒት ማከም ይቻላል። በሽታው ሳይታከም የሚቀረው በስሙ ስለማንጠራውና የሌላ በሽታ መድኃኒት ስለምንሰጠው ነው።

በመጀመሪያ ምን ያህል ሰው እንደሚይዝ እንይ። በአገራችን ይህን በቁጥር ያስቀመጡ ሰዎች አሉ፤ ከእነዚህም ቀድመው መነሣት ያለባቸው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። በኢትዮጵያ የነርቭ ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ስለ ሚጥል በሽታ፣ ስለ ጓያ ሽባነትና ስለ ራስ ምታት ገጠር ድረስ ወርደው ካጠኑት ግንባር ቀደሙ እሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት በመካከለኛው ኢትዮጵያ ገጠር 15,500 ሰዎችን ያካተተ ነበር። በዓመቱ ውስጥ፣ ምልክቱን ቆይቼ የምነግራችሁ ማይግሬን የተባለው ራስ ምታት የያዛቸው ከመቶ 3 ሆነው ተገኙ፤ ሴቶቹ ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ ነበሩ።

ቀጥሎ ወደ ፋብሪካ ተሄደ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞችን የተመለከተ ነው። 1,105 ሠራተኞች ተጠየቁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሌላ በሽታ ያልመጣ፣ ራሱን የቻለ ራስ ምታት የነበረባቸው 16.4 ከመቶ፣ ማይግሬን የነበረባቸው ደግሞ 6.2 ከመቶ ነበሩ። ወንድና ሴቱ ሲለይ ልዩነቱ ጎላ፤ ከወንዶቹ 3.7 ከመቶ፣ ከሴቶቹ 10.1 ከመቶ ማይግሬን ነበረባቸው። ይህን ጥናት እዚህ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ማሽኑ ሲጮህ፣ ብናኙ ሲቦን፣ ፈረቃው ሲለዋወጥ፣ ሴቶች እጃቸውን ሳያሳርፉ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ አስቡት። የቡና መፈልፈያንና መልቀሚያን የሚያውቅ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። በከተማም በገጠርም ቤት ለቤት ተዞሮ 2,385 ዐዋቂዎች ተጠየቁ። ውጤቱ ከቀደሙት ሁሉ ከፍ ያለ ነው። በዓመቱ ውስጥ ራሱን ያመመው 44.9 ከመቶ፣ ማይግሬን ያለበት 17.7 ከመቶ፣ በውጥረት የሚመጣው ዓይነት ያለበት 20.6 ከመቶ ሆነ። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራሱን የሚያመው ደግሞ 3.2 ከመቶ ተገኘ።

"ከመቶ 3 ተነሥቶ 17.7 እንዴት ደረሰ? በሽታው እንዲህ ተስፋፋ ወይ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ከቁጥሩ ለውጥ ብዙው የመጣው ከአጠያየቁ ነው። በኋላ የተሠራው መጠይቅ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ያነሣል፤ መለኪያውን በሙሉ ያላሟላውንና ማይግሬን ሳይሆን አይቀርም የሚባለውንም ይቆጥራል። ሰው ራሱ በሽታ ነው ያላለውን ነገር በደንብ ካልጠየቁት አይነግርም። ለእኔ ከቁጥሩ በላይ ትርጉም ያለው ይህ ነው፤ በአግባቡ ስንጠይቅ ሕመምተኛው ብቅ ይላል።

ቁጥሩን ወደ ቀያችን እናምጣው። አንድ መቶ ሠራተኛ ያለበት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውሰዱ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል 18 ያህሉ ማይግሬን ሊኖርባቸው ይችላል፤ ሦስቱ ደግሞ የወሩን እኩሌታ ራሳቸውን እያመማቸው ይውላሉ። ሴቶች በሚበዙበት መልቀሚያ ቁጥሩ ከዚህም ከፍ ይላል ብለን ብንጠብቅ አንሳሳትም። ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነም ዕወቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ሕዝብ 40 ከመቶው፣ ማለትም 3.1 ቢሊዮን ሰው፣ የራስ ምታት ሕመም ነበረበት።

ሁሉም ራስ ምታት አንድ አይደለም። ማይግሬን ብዙ ጊዜ ግማሽ ራስን ይዞ ከልብ ምት ጋር ድው ድው እያለ ይወቅራል። ኩንታል ሲያነሡ፣ ዳገት ሲወጡ ይብሳል። ያቅለሸልሻል፤ ያስታውካል። ብርሃን ያስጠላል፤ የሰው ድምፅ እንኳ ይከብዳል። ካልታከመ ከ4 ሰዓት እስከ 3 ቀን ይቆያል። አንዳንዱ ሰው ሕመሙ ሳይነሣ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ዓይኑ ላይ የሚብለጨለጭ ነገር ያያል፤ ወይም ፊቱና እጁ ይደነዝዘዋል። በዚህ ጊዜ ዛር ነው፣ የሰው ዓይን ገብቶበት ነው የሚል ነገር ይወራል። የሕመሙ መንገድ ግን በሕክምና የታወቀ ነው፤ ለፊትና ለራስ ስሜት የሚሰጠው ትልቁ ነርቭ ሲቆጣ፣ በአንጎል ሽፋን ላይ ያሉት የደም ሥሮች አካባቢ ሕመም የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮች ይለቀቃሉ። ወደዚህ የሚያደላ ተፈጥሮ በዘር ይተላለፋል። እናቷ በሻሽ ግንባሯን ጠፍራ ታስር የነበረች ልጅ እሷም ግንባሯን ስታስር የምናየው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በውጥረት የሚመጣው ዓይነት ከዚህ ለየት ይላል። ራስን በሁለት ወገን ጭብጥ አድርጎ ይይዛል፤ ማጅራትንና ትከሻን ያደርቃል፤ ግን አያስታውክም፤ ሰውየውም እየተነጫነጨ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ቡና የሚለቅሙ፣ ደብተር የሚያርሙ፣ ስፌት የሚሰፉ ሰዎች በደንብ ያውቁታል።

ማይግሬንን የሚቀሰቅሱትን ነገሮች ስትሰሙ የቡና ሠራተኛን ውሎ የማወራ ይመስላችኋል። የምግብ ሰዓት መዝለል፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ኃይለኛ ፀሐይ፣ ጩኸት፣ ጭስና የሚከረፋ ሽታ፣ ድካም፣ በሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ሰሞን ናቸው። ለቃሚው ጎሕ ሳይቀድ ቁርስ ሳይቀምስ ይወጣል። እሸቱ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ ጣቢያ ስለሚደርስ መፈልፈያው የሚነሣው ማታ ነው፤ እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያም በላይ ይጮኻል። እዚያ ያመሸው ሰው ጠዋት ማድረቂያ አልጋው ላይ ቡና ሊያገላብጥ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ድካሙን ለመቋቋም ጫት የሚይዝም አለ። ጫት እንቅልፍ ይነሣል፤ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። ይህን የምለው ማንንም ልወቅስ ፈልጌ አይደለም፤ ለማይግሬን የተጋለጠ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ቀስቃሽ እየተደራረበበት እንደሚውል እንድታዩልኝ ነው።

አሁን ወደ ቡናው እመጣለሁ። በየቡ ስለ ራስ ምታት ተነጋግሮ ቡናን መዝለል አይቻልም፤ እኔም ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ልቆይ እፈልጋለሁ።

"ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል" የምትል እናት እውነቷን ነው። አንዳንድ ሰው ይህን የምኞት ወሬ ያደርገዋል፤ በሕክምና ግን የታወቀ የራስ ምታት ዓይነት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንጎላችን ሲሠራ ሲውል አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ ድካምና እንቅልፍ የሚያመጣው እሱ ነው፤ የአንጎልን የደም ሥሮችም ያሰፋል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን መቀበያ ቀድሞ ይይዝበታል። ሰው የሚነቃውም ለዚህ ነው። ቡናው በየቀኑ ሲደጋገም አንጎል ይህን ተላምዶ ራሱን ያስተካክላል። ከዚያ አንድ ቀን ቡናው ሲቀር አዴኖሲን ያለ ከልካይ ይሠራል፤ የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ ራስ ይፈለጣል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን ይበረታል፤ ከ2 እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል። ይህ እንዲሆን ብዙ መጠጣት አያስፈልግም፤ በቀን 100 ሚሊግራም ካፌይን የለመደ ሰው እንኳ ሲያቋርጥ ሊያመው ይችላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ለሚጠጣው ሕዝባችን ይህ ልክ የሩቅ አይደለም።

"በቡና አገር ቡና ማን አጥቶ ነው?" የሚለኝ ሰው ይኖራል። ቡናውን የሚለቅመው ሰው ራሱ ያጣዋል። ሌሊት ተነሥቶ ሲሄድ በቤቱ ቡና ገና አልተፈላም፤ በሥራ ቦታም የሚያፈላለት የለም። ከሌላ ወረዳ ለለቀማ መጥቶ በሠፈር የሚያድረው ወጣት ከለመደው የእናቱ ጀበና ተለይቷል። ከእነዚህ ይልቅ ግን ብዙ ሰው የሚነካው ጾም ነው። በረመዳን የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱን የሚያመው ሰው ብዙ ነው። ረኃቡም፣ ውኃ ጥሙም፣ የእንቅልፍ ለውጡም ድርሻ አላቸው፤ የጠዋቱ ቡና በአንድ ቀን ድንገት መቋረጡ ግን ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞችና እህቶችም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል።

መፍትሔው ጾምን የሚነካ አይደለም። ረመዳን ሊገባ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቡናን በአንድ ጊዜ ሳታቆሙ ስኒ በስኒ ቀንሱ፤ የቀን ቡናችሁንም ቀስ በቀስ ወደ ማታ አሻግሩ። ከሱሑር ጋር አንድ ስኒ የጠጣ ሰው የቀኑን ሕመም ሊያቀልለት ይችላል። ሱሑርን አትዝለሉ፤ ከኢፍጣር በኋላ ውኃ ጠጡ። ማይግሬን ያለበት ሰው በጾም ወቅት በተደጋጋሚ የሚወድቅ ከሆነ ከሐኪሙም ከሃይማኖት አባቱም ጋር ይነጋገር፤ ለታመመ ሰው ሃይማኖቶቻችን ሁሉ መንገድ አላቸው።

ቡና መድኃኒትም ነው። ካፌይን የሕመም ማስታገሻን ኃይል ያበረታል፤ ለዚህ ነው ፓናዶል ኤክስትራ በሚባለው እንክብል ውስጥ ከ500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ጋር 65 ሚሊግራም ካፌይን የተጨመረው። እናቶቻችን ዳማከሴን ጨምቀው በቡና ሲያጠጡን፣ ጤና አዳም በስኒው ጣል ሲያደርጉልን የኖሩት ቡናው ራሱ ሥራ እየሠራ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ከዚህ አዳራሽ "ቡና ተው አሉን" ብሎ አይውጣ። ራሱን የሚያመው ሰው የቡናውን መጠንና ሰዓት አይለዋውጥ፤ ዛሬ ዘጠኝ ስኒ፣ ነገ ባዶ አያድርግ ነው የምለው። ሌላም አለ። ቡና የሚፈላው በከሰል ነው። በሩ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የመጀመሪያ ምልክቱ ግን ራስ ምታት ነው። ቤት ውስጥ ያላችሁት ሁሉ አንድ ላይ ራሳችሁን ካመማችሁ ምችም ማይግሬንም አትበሉ፤ በሩን ከፍታችሁ ወዲያው ውጡ። ይህ ጋዝ ይገድላል።

አሁን ከባዱ ነገር ላይ ደረስን፤ የስም ስሕተት ላይ።

በአገራችን ራሱን ደጋግሞ የሚያመው ሰው ወደ ሕክምና ሲሄድ ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመለሰው "ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ" የሚል ወረቀት ነው። ደም ይወሰዳል፤ ዊዳል የተባለው ምርመራ ይሠራል፤ "ፖዘቲቭ" ይመጣል፤ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ከወር በኋላ ሕመሙ ይመለሳል፤ ያው ምርመራ፣ ያው ወረቀት፣ ያው መድኃኒት ይደገማል። በዚህ መንገድ ዓመታት የተመላለሱ ሰዎች በየቤቱ አሉ፤ "ታይፎይዴ ተነሣብኝ" ሲሉም እንሰማለን። ዊዳል የሚፈልገው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ለጀርሙ የሠራውን መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ደግሞ ቀድሞ ከታመሙበት ጊዜ የተረፈ ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ትኩሳት ምክንያትም ሊታይ ይችላል። ታይፎይድ ትኩሳት ያለው ከባድ በሽታ ነው። ትኩሳት ሳይኖረው ለሦስት ዓመት በየወሩ ግማሽ ራሱን ይዞ የሚያስመልሰው ሰው ያለበት ታይፎይድ አይደለም። ለእሱ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ገንዘቡን ይጨርሳል፤ ሕመሙን አይነካም፤ ጀርሞችም መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርጋል። የጤና ባለሙያ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህን የምናገረው የሥራችሁን ጫና ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሕመምተኛውም ያለ ደም ምርመራ የታከመ አይመስለውም። ሆኖም ማይግሬንን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም፤ የሚለየው በጥያቄ ነው። አንዱን ወገን ነው ወይ? ያስመልስሃል ወይ? ብርሃን ያስጠላሃል ወይ? ሥራ ያስተውሃል ወይ? እነዚህን መጠየቅ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ሁለተኛው የተሳሳተ ስም "ሳይነስ" ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት "ሳይነስ ራስ ምታት አለብኝ" ያሉ ወይም በሐኪም እንዲህ የተባሉ 2,991 ሰዎች ተመረመሩ፤ 88 ከመቶ የሚሆኑት ምልክታቸው የማይግሬን ሆኖ ተገኘ። ማይግሬን አፍንጫን ሊደፍን፣ ዓይንን ሊያስለቅስ ስለሚችል ስሕተቱ ቀላል ነው። ሦስተኛው ስም "ግፊት" ነው፤ ይህኛው አደገኛ ነው። የደም ግፊት እጅግ ካልናረ በቀር ብዙ ጊዜ ራስን አያሳምምም። "ግፊቴ ሲጨምር በራሴ አውቀዋለሁ" ብሎ የግፊት ኪኒኑን ራሱን ሲያመው ብቻ የሚውጥ ሰው ግፊቱ ሳይሰማው ወደ ስትሮክ ሊወስደው ይችላል። ግፊት የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው።

ስሙን ሳያውቅ የሚኖር ሰው ወደ ሱቅ ይሄዳል። ፓራሲታሞል፣ አድቪል የሚባለው አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ በፍሬ ይሸጣሉ። በወር ሁለት ሦስት ቀን መውሰድ ችግር የለውም። ፓራሲታሞልን፣ አስፕሪንን ወይም አይቡፕሮፌንን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ካፌይን ወይም ኮዴይን የተቀላቀለባቸውንና ኧርጎታሚን የተባለውን ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ የወሰደ ሰው ግን መድኃኒቱ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ይፈጥርበታል። ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ የዚያኑ አራጣ ዕዳ እንደመክፈል ነው፤ ለዛሬ ይተነፍሳል፤ ነገ ዕዳው አድጎ ይጠብቀዋል። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው መድኃኒት ሲጨመርለት አይድንም፤ በባለሙያ እየታየ ማቆም አለበት። በባዶ ሆድ የሚወሰዱት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን እስከ ማድማት እንደሚደርሱም አትርሱ።

ስለ ባህላዊው ሕክምና አጭር ነገር ልበል። ዳማከሴውን፣ ዝንጅብሉን፣ ሻሹን፣ ጨለማ ቤት ጋደም ማለቱን አልነቅፍም፤ ጨለማና ዕረፍት በእርግጥ ይረዳሉ። ብጣትና ዋግምት ላይ ግን አልስማማም። ግንባር ላይ የሚሄደው ምላጭ ለሁለተኛ ሰው ካለፈ የጉበት ቫይረስንና ኤች.አይ.ቪን ያሻግራል። ዋግምት ወይም ሕጀማ የሚያስደርግ ሰው ቢያንስ መሣሪያው አዲስ መሆኑን በዓይኑ ይይ።

አንዳንድ ራስ ምታት ደግሞ ዳማከሴም ፓራሲታሞልም ሳይጠበቅ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጥ ነው። በድንገት፣ በደቂቃ ውስጥ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ዓይነት ፍልጠት የያዘው ሰው፤ ትኩሳት ኖሮት አንገቱ የደረቀ ሰው፣ ይህ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል፤ እጅና እግሩ የደከመ፣ አፉ የተያያዘ፣ ራሱን የሳተ ወይም ያንቀጠቀጠው ሰው፤ ራሱን ከተመታ በኋላ ሕመሙ የጨመረበት ሰው፤ ራሷን የሚያማት፣ ዓይኗ የሚጭበረበር፣ ፊቷ ያበጠ ነፍሰ ጡር፤ ዕድሜው ከ50 ካለፈ በኋላ አዲስ ራስ ምታት የጀመረው ሰው፤ እነዚህ ይቸኩሉ። ራስ ምታቱ ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ በእኛ አካባቢ መጀመሪያ ወባ ይመርመር። ለከባዱ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሩቅ አይደለም።

ለአብዛኛው ሰው የሚያስፈልገው ግን ቀላል ነው። መድኃኒቱን ሕመሙ ሲጀምር ወዲያው መውሰድ ነው። ብዙ ሰው "ትንሽ ልታገሠው" እያለ ይቆይና ሕመሙ ከበረታ፣ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ይውጠዋል፤ በዚያ ሰዓት ሆድ መድኃኒቱን በደንብ አይቀበልም። ሌላ በሽታ የሌለበት ዐዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ሁለት ፍሬ፣ ወይም ምግብ ቀምሶ አይቡፕሮፌን፣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ወስዶ ጨለም ባለ ቦታ ጥቂት ቢያርፍ ብዙ ጊዜ የቀኑን ሥራ ያተርፋል። ነፍሰ ጡሮች ባለሙያ ሳይጠይቁ ከፓራሲታሞል በቀር አይውሰዱ። ሕመሙ በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ የሚይዘው ሰው ደግሞ ሕመሙ እንዳይነሣ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለው። ፕሮፕራኖሎል ከድሮ ጀምሮ ለልብና ለደም ግፊት፣ አሚትሪፕቲሊን ለድባቴ ሲታዘዙ የኖሩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ማይግሬንንም ይቀንሳሉ። ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት ሰው አይሆንም። ለማይግሬን ተብሎ የተሠራው ሱማትሪፕታን እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ወደ ወረዳ ጤና ጣቢያ እንዲደርስ መጠየቅ መብታችን ነው።

በመጨረሻ ስለ ሥራው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ሰጥቷል፤ ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ሠራተኛው የሐኪም ማስረጃ ማምጣት አለበት። በወረቀት ላይ መልካም ነው። በኪሎ የሚከፈለው ለቃሚ ግን ያልለቀመበትን ቀን ማንም አይከፍለውም። የቀን ሠራተኛዋ ለአንድ ቀን ማይግሬን ማስረጃ ልታመጣ ብትሄድ ለጉዞና ለወረፋ ሌላ የሥራ ቀን ትከስራለች። ስለዚህ እያመማት ትመጣለች። እያመማት የመጣችው ሠራተኛ ከጥቁሩና ከተሰነጠቀው ፍሬ ጤነኛውን መለየት ይሳናታል፤ ዓይኗ አያይላትም። ከራስ ምታት የሚመጣው ኪሣራ ያለው ከሥራ በመቅረት ብቻ ሳይሆን ሥራ ላይ ሆኖ ባለመቻል ውስጥም ነው። ኪሣራው ለአሠሪውም ነው፤ በጥራት ለሚሸጥ ቡና ደግሞ ቀላል ኪሣራ አይደለም።

ስለዚህ የጣቢያ ኃላፊዎችና የማኅበራት አመራሮች፣ ከእናንተ የምጠይቀው ብዙ ወጪ የለበትም። የመልቀሚያ ቦታችሁ ጥላ ይኑረው። ንጹሕ የመጠጥ ውኃ በአጠገብ ይቀመጥ። ጠዋት የሚገባው ሠራተኛ ቁርስና ቡና የሚቀምስበት ሃያ ደቂቃ ስጡት። ማታ መፈልፈያ ላይ ያመሸውን ሰው በማግሥቱ ጠዋት ፀሐይ ላይ አታቁሙት፤ ፈረቃውን አቀያይሩ። "ራሴን አመመኝ" ያለች ሠራተኛ የሰነፍ ስም ሳይሰጣት አንድ ሰዓት የምትጋደምበት ጨለም ያለ ክፍል ይኑር፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ትሠራላችኋለች። መምህራን፣ ማይግሬን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ስለሆነ በክፍላችሁ ዴስክ ላይ የምትደፋውን ልጅ "ተነሺ" ከማለታችሁ በፊት ጠይቋት።

ራሳችሁን ለሚያማችሁ ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ዛሬ ማታ አንድ ደብተር ውሰዱ። ለአንድ ወር ሕመሙ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ ምን እንደቀደመው፣ ምግብ በልታችሁ እንደሆነ፣ ቡና ጠጥታችሁ እንደሆነ፣ እናንት ሴቶች የወር አበባችሁን ቀን፣ ስንት ፍሬ መድኃኒት እንደዋጣችሁ ጻፉ። መጻፍ ለማትችሉ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ። ወሩ ሲያልቅ ያንን ደብተር ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና ለባለሙያው አሳዩት፤ "ማይግሬን ነው ወይ?" ብላችሁም ጠይቁ።